የላሪ ናሳር ጉዳይ እና የስፖርት ተቋማት ተጠያቂነት

የላሪ ናሳር ጉዳይ በአሜሪካ ጂምናስቲክስ ውስጥ ለዓመታት የተፈጸመ የወሲባዊ ጥቃት ወንጀልና፣ ጥቆማ ደርሷቸው ወንጀሉን ያላስቆሙ ተቋማት የተጠየቁበት ሂደት ነው። ናሳር የብሔራዊ ቡድኑ ሐኪምና የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ከ1990ዎቹ እስከ 2016 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሕክምና በሚል ሽፋን በመቶዎች በሚቆጠሩ ሴቶች ላይ ጥቃት አድርሷል፤ ብዙዎቹ ያኔ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ነበሩ።

ሰውየው የተከበረ ስም ስለነበረው ወላጆች ልጃቸው በእሱ መታከሟን እንደ ዕድል ያዩት ነበር። ወላጅ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እንኳ በገዛ አካሉ እየከለለ ጥቃቱን ይፈጽም እንደነበር ተጎጂዎች መስክረዋል። ብሔራዊ ቡድኑ ይሰለጥንበት በነበረው በቴክሳሱ የካሮሊ ካምፕ ደግሞ ወላጅ አይገባም ነበር። የምግቡ ቁጥጥር ጥብቅ ነበር፤ ሕመሟን የተናገረች ልጅም ከቡድኑ እንዳትቀነስ ትሰጋ ነበር። በዚህ ቦታ ጣፋጭ ደብቆ የሚያቀብላቸውና ደህና ቃል የሚናገራቸው ናሳር ነበር። ልጆቹ የቀረባቸው አንድ ትልቅ ሰው እሱ መሆኑ በራሱ የአሠራሩን ብልሽት ያሳያል።

ማስጠንቀቂያ አልጠፋም ነበር። ሁለት ታዳጊ ጂምናስቶች በ1997 ለአንዲት የዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ እንደነገሩ ተናግረዋል። በ2014 ሌላ ተጎጂ ለዩኒቨርሲቲው አቤት ስትል፣ ምርመራው ድርጊቱን ተገቢ ሕክምና ነው ብሎ ናሳርን ወደ ሥራው መለሰው። በሰኔ 2015 አንዲት አሰልጣኝ ጂምናስቶች ስለ ናሳር ሲነጋገሩ ሰምታ ለአሜሪካ ጂምናስቲክስ ፌዴሬሽን አሳወቀች። ፌዴሬሽኑ ለፌዴራል ምርመራ ቢሮው (ኤፍቢአይ) የነገረው አምስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው፤ ናሳርም ከብሔራዊ ቡድኑ ያለ ድምፅ እንዲሰናበት ተደረገ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ግን ማከሙን ቀጠለ። የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ኤፍቢአይ ካወቀ በኋላ ብቻ 70 ያህል ወይም ከዚያ በላይ ስፖርተኞች መጠቃታቸውን ገልጿል። እነዚህ ሁሉ አንድ የስልክ ጥሪ በጊዜው ቢደረግና ሰሚ ቢያገኝ ሊድኑ የሚችሉ ነበሩ።

ጉዳዩን ይፋ ያወጣው ጋዜጣ ነው። ኢንዲያናፖሊስ ስታር በነሐሴ 2016 ፌዴሬሽኑ በአሰልጣኞች ላይ የሚቀርቡ አቤቱታዎችን ለፖሊስ ሳያሳውቅ ሲያስቀምጥ እንደኖረ አጋለጠ፤ በተጎጂዋ ወይም በወላጇ ያልተፈረመን ጥቆማ እንደ ወሬ ይቆጥረው ነበር። ይህን ያነበበችው የቀድሞ ጂምናስት ሬቸል ዴንሆላንደር ለጋዜጣው ጻፈች፣ ለፖሊስም አመለከተች፤ በመስከረምም ስሟን ሳትደብቅ ታሪኳን ተናገረች። ከዚያ በኋላ ሌሎች ተከትለዋት መጡ።

በጥር 2018 በሚሺጋን በተካሄደው የቅጣት ችሎት ከ150 በላይ ምስክርነቶች ለሰባት ቀን ተሰሙ። ዳኛ ሮዝመሪ አክዊሊና ለመናገር የፈለገችውን ሁሉ አዳመጡ፤ ናሳር ከ40 እስከ 175 ዓመት ተፈረደበት። ከልጆች ወሲባዊ ምስሎች ጋር በተያያዙ ክሶች ደግሞ ቀደም ብሎ 60 ዓመት ተፈርዶበት ነበር።

የተቋማቱ ተጠያቂነት በአብዛኛው በገንዘብና በሥልጣን መልቀቅ የተወሰነ ሆነ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት፣ የፌዴሬሽኑ ቦርድና የአሜሪካ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ለቀቁ። ዩኒቨርሲቲው 500 ሚሊዮን ዶላር፣ ፌዴሬሽኑና የኦሊምፒክ ኮሚቴው ከመድን ድርጅቶቻቸው ጋር 380 ሚሊዮን ዶላር፣ የፍትሕ ሚኒስቴሩ በ2024 138.7 ሚሊዮን ዶላር ለተጎጂዎች ለመክፈል ተስማሙ። ጂምናስቷ ሲሞን ባይልስና ሦስት የሙያ ጓደኞቿ በመስከረም 2021 በሴኔት ፊት ቀርበው ኤፍቢአይ እንዴት እንደተዋቸው ቢመሰክሩም፣ ጥቆማውን ችላ ያሉት ወኪሎች በወንጀል አልተከሰሱም። ለተጎጂዎቹ ይህ ገና ያልተዘጋ ቁስል ነው።

ዘላቂው ለውጥ በሕግ የመጣው ነው። በየካቲት 2018 የጸደቀው ሕግ በአማተር ስፖርት ልጆችን የሚያገኙ አዋቂዎች ጥቃት መጠርጠራቸውን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ዴንቨር ላይ በ2017 ሥራ የጀመረው ሴፍስፖርት ማዕከልም ጥፋተኛን እስከ ዕድሜ ልክ የማገድ ሥልጣን አለው። የ2020ው ሕግ ደግሞ የኦሊምፒክ ኮሚቴው ለማዕከሉ በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ዶላር እንዲሰጥ ያዛል፤ ኮንግረሱም የኮሚቴውን ቦርድ መበተን እንዲችል አድርጓል። ነገር ግን የማዕከሉ ምርመራዎች መጓተታቸውና ገንዘቡ ማዕከሉ ራሱ ከሚቆጣጠረው ወገን መምጣቱ ብዙ ስፖርተኞች እንዳይተማመኑበት አድርጓል። ኮንግረሱ ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 ማዕከሉ በመንግሥት በጀት እንዲተዳደር ሐሳብ አቅርቧል።