የንጉሥ ፊደል፣ የድሃ መጽሐፍ

የቮግ መጽሔትን ሽፋን ያየ ሰው ፊደሉን ያውቀዋል። አንዱ መስመር እንደ ምሰሶ ወፍራም፣ ሌላው እንደ ጸጉር ቀጭን ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ሰረዝ ያለ መደገፊያ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ዛሬ የሽቶና የውድ ልብስ ምልክት ሆኗል። ሲወለድ ግን ቤቱ ቤተ መንግሥት ነበር።

ጃምባቲስታ ቦዶኒ በ1740 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ሳሉዞ ከአታሚ ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ ሮም በሚገኘው የፕሮፓጋንዳ ፊዴ ማተሚያ ቤት ሠራ። ይህ ቤት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ በ1631 የግዕዝን ፊደል የሚያስተምር መጽሐፍ ያተመው እርሱ ነው። በ1768 የፓርማው መስፍን ቦዶኒን አስጠርቶ የቤተ መንግሥቱን ማተሚያ ቤት አስረከበው።

ቀጭን መስመር በሻካራ ወረቀት ላይ ይቆራረጣል። መንገዱን የጠረገው የበርሚንግሃሙ ጆን ባስከርቪል ነው፤ ለስላሳ ወረቀትና ጥቁር ቀለም አዘጋጀ፣ የታተመውንም ገጽ በትኩስ ብረት ተጫነው። ቦዶኒ በዚያ ላይ ቆሞ ሰፊ ኅዳግና ጥቂት መስመር ያላቸው ግዙፍ መጻሕፍት አተመ። ገዢዎቹ መሳፍንትና ባለጸጎች ነበሩ። ናፖሊዮንም ጡረታ ቆርጦለታል። ታዲያ ተቀናቃኞቹ የፓሪሶቹ ዲዶዎች መጻሕፍቱን ገልጠው የፊደል ግድፈት ለቀሙበት። ትችቱ ቅናት አለበት፤ ሐሰት ግን አይደለም። የቦዶኒ ገጽ ከሚነበብ ይልቅ የሚታይ ነው።

ፊርማን ዲዶ በ1780ዎቹ ተመሳሳይ ፊደል ቀርጾ ነበር፤ ቦዶኒም ከዲዶዎች ብዙ ወስዷል። ልዩነቱ የመጣው በኋላ ነው። ፊርማን አንድ በአንድ የተለቀመውን ገጽ ሙሉውን በአንድ የብረት ሰሌዳ ማቅለጥን አዳበረ። ሰሌዳው ይቀመጣል፤ መጽሐፉ ሲፈለግ እንደገና ይታተማል፤ ለቀማ የለም፣ ዋጋውም ይወርዳል። የጥንት ደራስያን ሥራዎች በርካሽ የወጡት በዚህ መንገድ ነው። ለአሠራሩ የሰጠው ስም ስቴሪዮታይፕ ይባላል። ዛሬ በፖለቲካ ክርክር ሁሉ ስለ ጭፍን ፍረጃ የሚነሳው ቃል የአታሚ ቃል ነበር ማለት ነው፤ ሳይለወጥ ደጋግሞ የሚታተም ሰሌዳ። እርግጥ ፊርማንም ከናፖሊዮን ደጅ አልራቀም፤ የመንግሥቱን ማተሚያ ቤት የፊደል ማቅለጫ መርቷል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ነጋዴዎች ወፍራሙን መስመር ይበልጥ አወፍረው ለግድግዳ ማስታወቂያ አዋሉት። እንግሊዛዊው ዊልያም ሞሪስ የቦዶኒን ፊደል አጥብቆ ጠላ፤ ማተሚያ ቤት ሲከፍትም ወደ 15ኛው ክፍለ ዘመን ቅርጾች ተመለሰ። ጥላቻው ቢበዛም ምክንያት ነበረው። ፊደሉ ሲያንስ ቀጭኑ መስመር ይጠፋል፣ ዓይን ላይ የሚቀረው የጥቁር ቋሚዎች አጥር ብቻ ነው። በስልክ ስክሪንም ያው ነው፤ ለርዕስ ያምራል፣ ለረጅም ጽሑፍ ያደክማል።

ቦዶኒ በ1813 ሲሞት የፊደሎቹን ታላቅ መድበል አላሳተመም ነበር። ባለቤቱ ማርጌሪታ በ1818 በሁለት ቅጽ አወጣችው። ከ600 በላይ ገጾቹ የሚያሳዩት ፊደልና የገጽ ጌጥ ነው።