የተሸጠ ዕቃ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ሐሙሲት ስሟ እንደሚናገረው የሐሙስ ገበያ ከተማ ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ መንገድ ላይ ታገኟታላችሁ። ልጅ እያለሁ፣ 2002 ዓ.ም. አካባቢ፣ ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሁለት ፕሌይስቴሽን 2 ነበሩ። አንድ ጨዋታ አንድ ብር፤ የተሸነፈ ይነሳል። ማሽኖቹ በስንት እጅ አልፈው እንደመጡ ማንም አያውቅም። ውስጣቸው ቺፕ ተገጥሞላቸው ኮፒ ሲዲ ያነባሉ። ጋሼ የምንለው ባለቤቱ የሚፈራው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ የመብራት መጥፋትና የጆይስቲክ መሰበር። ሶኒ ከጃፓን ሆኖ ማሽኑን ይዘጋብኛል ብሎ አስቦ አያውቅም። ቢፈልግም አይችልም ነበር። ማሽኑ ኢንተርኔት አያውቅም፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ኖሮ እንደወጣ ይሞታል።

አሁን እንጀራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ የላይሰንስ መቆጣጠሪያ ኮድም ጽፌ አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ጥያቄ አይለቀኝም፦ ኩባንያ የሸጠውን ኮንሶል ከሩቅ ሆኖ መዝጋት መቻል አለበት?

ነገሩ የተለወጠው ኮንሶሎች ኢንተርኔት ላይ ሲወጡ ነው። እያንዳንዱ ማሽን መለያ ቁጥር አለው፤ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ሲገናኝ ቁጥሩን ይናገራል። ቁጥሩ ከታገዱት መዝገብ ውስጥ ከተገኘ ሰርቨሩ አላስገባም ይላል። ከዚህ ሌላ ኩባንያው አፕዴት በላከ ቁጥር የማሽኑን ባሕርይ ራሱን መቀየር ይችላል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የራስን በር መዝጋት ነው፤ ሁለተኛው ሰው ቤት ገብቶ ዕቃ መንካት።

ለመጀመሪያው ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2009 ነው። ማይክሮሶፍት የተነካኩ ኤክስቦክስ 360ዎችን ከኤክስቦክስ ላይቭ በጅምላ አገደ። ሰዎቹ ቤታቸው ሆነው ዲስክ መጫወት ግን ይችሉ ነበር። እዚህ ላይ ከኩባንያው ጋር ብዙ አልጣላም፤ ሰርቨሩ የራሱ ነው፣ በኦንላይን ጨዋታ የሚያጭበረብርም ሌላውን ይጎዳል።

ሁለተኛው ብዙም ሳይቆይ መጣ። ፕሌይስቴሽን 3 ሲሸጥ ሊኑክስ ይጫንበታል ተብሎ ነበር። የአሜሪካ አየር ኃይል ሳይቀር ወደ 1,760 የሚጠጉትን አገናኝቶ ሱፐር ኮምፒውተር ሠርቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2010 ሶኒ ደኅንነትን ምክንያት አድርጎ ይህን ችሎታ የሚያጠፋ አፕዴት ለቀቀ። አልጭንም ያለ ሰው ኦንላይን መጫወቱ ይቀርበታል። ሰው ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ነገር በአንድ ፋይል ተወሰደ። ከዓመታት ክስ በኋላ ሶኒ 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

እኛ አገር የርቀት ቁልፍን በደንብ ያየነው በጌም ሳይሆን በስልክ ነው፤ የያዘውም አምራቹ ሳይሆን ኔትወርኩ ነበር። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ቀፎ ምዝገባ ጀመረ። *#06# ስትደውሉ የሚመጣው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ካልተመዘገበ ቀፎው ኔትወርክ አያገኝም። ቀድሞ አገልግሎት ላይ የነበሩት በራሳቸው ተመዘገቡ፤ አዲስ የሚገቡት ግን በጉምሩክ በኩል ማለፍ ነበረባቸው። ዓላማው ኮንትሮባንድን፣ ስርቆትንና ተመሳስለው የተሠሩ ቀፎዎችን መከላከል ነው ተባለ። ዓላማው አይከፋም። ግን አስቡት፤ ኮንትሮባንዲስቱ ሸጦ ብሩን ኪሱ ከቶ ሄዷል። ቀፎው የሚዘጋው በገዛው ሰው እጅ ላይ ነው። ያኔ ባሕር ዳር ፖሊ ተማሪ ነበርኩ፤ ዶርም ውስጥ ስልክ ሊገዛ የሚወጣ ልጅ ሁሉ ያን ቁጥር ሳያይ ብር አያወጣም ነበር። አሠራሩ በኋላ ቀረ። እኔ ግን አንድ ነገር ያዝኩበት፦ የርቀት ቁልፍ ጥፋተኛውን አያውቅም። የሚያውቀው ዕቃውን ብቻ ስለሆነ ቅጣቱ የሚያርፈው መጨረሻ በያዘው ሰው ላይ ነው።

ይኸው ነገር በጌም ዓለም ተደገመ። እ.ኤ.አ. ሜይ 2025 ኒንቴንዶ የተጠቃሚ ውሉን ቀየረና ደንብ የጣሰ ሰው ማሽኑ በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ለዘለቄታው ከአገልግሎት ውጭ ሊሆንበት እንደሚችል ጻፈ። ስዊች 2 በጁን ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ያገለገለ ማሽን ገዝተው ቀድሞ ታግዶ ያገኙት ሰዎች ነበሩ። አሜሪካ ያለ ሰው ወደ ሱቁ መልሶ ይከራከራል። ሐሙሲት ያለ ጌም ቤትስ የት ይሄዳል? ዕቃው በዱባይና በአዲስ አበባ ዞሮ የመጣ ነው፤ ደረሰኝ የለውም። ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ሲከፈት ከሚመረጡት አገሮች ውስጥም ኢትዮጵያ የለችም። ለኩባንያው ደንበኛ ያልሆነ ሰው አቤቱታ ማቅረቢያ የለውም።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን በየ24 ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት አለበት፣ ካልሆነ ጌም አይከፍትም ብሎ ነበር። ተጠቃሚው ተቆጣና በዚያው ጁን ወር ሐሳቡን ተወው። ባይተወው ኖሮ ምን እንደሚሆን እኛ እናውቀዋለን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ክልላችን ውስጥ ግጭት ሲነሳ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለአንድ ዓመት ገደማ። በየ24 ሰዓቱ ፈቃድ የሚጠይቅ ማሽን ሐሙሲት ውስጥ በማግስቱ ዕቃ ማስቀመጫ ጠረጴዛ በሆነ ነበር፤ ምንም ደንብ ሳይጥስ።

ኮድ የሚጽፍ ሰው ኢንተርኔት የማይጠፋበት፣ ደረሰኝ የማይጠፋበት ቦታ ተቀምጦ ስለሚጽፍ ይህን አያየውም። እኔም ስጽፍ አላየሁትም ነበር። አሁን መልሴ ይኼ ነው፦ ኩባንያ በገዛ ሰርቨሩ ላይ ያዝዝ፤ የሸጠው ማሽን ግን ያለ ሰርቨሩም መሥራቱን መቀጠል አለበት። ሐሙስ ገበያ በሬ ሸጦ ብሩን ከተቀበለ በኋላ፣ ማታ በፉጨት ጠርቶ የሚያስመልስ ሻጭ የለም። ገዢው በሬውን በደንብ ባይዘውም እንኳ።

በቅርቡ ቤተሰብ ጥየቃ ስሄድ ወደ ጌም ቤት ጎራ አልኩ። ፕሌይስቴሽን 4 ገብቷል፤ ክራክ የተደረገ፣ 9.00 ላይ የቆመ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «አፕዴት ማድረግ ክልክል ነው።» ጋሼ አሁን የሚፈራው ነገር ሦስት ሆኗል።