ከሀርጌሳ አየር ማረፊያ እስከ ኮምፒዩተር ሒሳብ

የሀርጌሳ አየር ማረፊያ በአፍሪካ ቀንድ የቅርብ ዘመን ታሪክ ውስጥ መራራ ስፍራ አለው። እ.ኤ.አ. በ1988 የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ወደ ከተማይቱ በገቡ ጊዜ፣ የዚያድ ባሬ መንግሥት የጦር አውሮፕላኖች ከዚሁ ማረፊያ እየተነሡ ያችኑ ከተማ ደበደቡ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ ብዙው በጅጅጋ አቅራቢያ በሀርትሼክ መጠለያ ሰፈረ። ትምህርት ቤቶች ፈረሱ፤ ተማሪዎችም ተበተኑ።

ከፍተኛ ትምህርት በአካባቢው እንደገና የተጀመረው በ1998 በቦረማ የአሙድ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2000 ደግሞ የሀርጌሳ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈቱ ነው። አየር ማረፊያውም ዛሬ በቀድሞው መሪ በመሐመድ ኢብራሂም ኢጋል ስም ይጠራል፤ መንገደኞችም ከዚያ ተነሥተው አዲስ አበባ ይደርሳሉ። እንግዲህ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ የዚያ አገር ልጅ ወይም የእኛው ተማሪ የኮምፒዩተር ትምህርት ሲመርጥ፣ ሒሳብን ከእርሱ ጋር ማጣመር ለምን ያስፈልገዋል?

ሁለቱ ትምህርቶች ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የሠራው አል ኽዋሪዝሚ ስለ ስሌት ጻፈ፤ «አልጎሪዝም» የሚለው ቃል የመጣው ከእርሱ ስም ነው። በ1936 እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ ስሌት ምን እንደ ሆነ በሒሳብ ተነተነ፤ ይህም ከዘመናዊው ኮምፒዩተር መሠራት በፊት ነበር። በ1947 ፎን ኖይማንና ጎልድስታይን በትላልቅ ማትሪክሶች ስሌት ጊዜ ጥቃቅን ስሕተቶች እንዴት እንደሚከማቹ መረመሩ።

ይህ ጥያቄ የሰው ሕይወት የሚነካ መሆኑ በየካቲት 25 ቀን 1991 (እ.ኤ.አ.) በሳውዲ ዓረቢያ፣ በዳህራን ታየ። ለ100 ሰዓት ያህል ሳይቋረጥ የሠራ የአሜሪካ ፀረ ሚሳይል መሣሪያ የመጣበትን ሚሳይል ሳይመታ ቀረ፤ 28 ወታደሮች ሞቱ። መሣሪያው ጊዜን የሚቆጥረው በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ነበር። ኮምፒዩተር ደግሞ 0.1ን በ0ና በ1 ብቻ ሲጽፍ ቁጥሩ ማለቂያ ስለሌለው ይቆርጠዋል። የተቆረጠችው ቅንጣት በ100 ሰዓት ውስጥ ተከማችታ 0.34 ሰከንድ ያህል ሆነች። በዚህች ጊዜ ሚሳይሉ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ዲግሪውን የሚያቅድ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ካልኩለስን፣ ሊኒየር አልጄብራንና የፕሮግራም አጻጻፍን ጎን ለጎን ይያዝ። በሁለተኛው ዓመት ዲስክሪት ማቲማቲክስን፣ ፕሮባቢሊቲንና የዳታ አደረጃጀትን ይጨምር። ኑሜሪካል አናሊስስ ከእነዚህ በኋላ ይምጣ፤ ያለ ካልኩለስና ያለ ሊኒየር አልጄብራ አይገባምና። በመጨረሻው ዓመት ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ሥራ፣ ለምሳሌ የጎርፍ ወይም የበረራ መስመር ስሌት፣ ይሥራ።

መምህሩ ግን እስከ ዩኒቨርሲቲ መጠበቅ የለበትም። ኮምፒዩተር በሌለበት ክፍልም ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃሉ። 0.1ን በ2 እያባዙ፣ በየጊዜው ሙሉውን ቁጥር እየመዘገቡና ክፍልፋዩን ብቻ እያስቀሩ መቀጠል ነው፤ 0.2፣ 0.4፣ 0.8፣ 1.6፣ 1.2፣ ከዚያም እንደገና 0.4 ይመጣል። ዑደቱ እንደማያበቃ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። በዳህራን የተቆረጠው ቁጥር ይኸው ነው።