አንድ ነው የተባለው ዓሣ

እኛ የዳንግላ ልጆች ስለ ዓሣ የምናውቀው ሁለት ነገር ነው፦ ባሕር ዳር ስንሄድ የምንበላውን ጥብስና በፆም ይበላል አይበላም የሚለውን የማያልቅ ክርክር። ጥብሱ ራሱ ታሪክ እንዳለው የገባን ዘግይቶ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1830ዎቹ ጎንደር ድረስ መጥቶ ለጣና ዓሦች የሳይንስ ስም አወጣ። ከመቶ ዓመት በኋላ ጣሊያኖች መጥተው ነጭ ዓሣ የምንለውን ከፋፈሉት፣ ሸነሸኑት። በ1973 ደግሞ እንግሊዛዊው ባኒስተር ተነስቶ «ይሄ ሁሉ አንድ ዝርያ ነው» ብሎ ጠቀለለው። አንድ ከሆነ ምን ያሳስባል? ዛሬ ቢያንስ ነገ ይራባል።

በ1990ዎቹ ሆላንዳውያኑ ናገልከርከና ሲቢንግ ዓሣውን አንድ በአንድ ለክተው 15 ዝርያ አገኙ። ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው፤ ያውም መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖር! አንዱን በላቲን «ትራውት መሳይ» አሉት። ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተለቀቀው፣ የሳልመን ዘመድ ነው። የእኛው ዓሣ ዘመዱ ባይሆንም ጠባዩ ይመሳሰላል፤ ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው ሽቅብ በወንዝ ይጓዛሉ፣ ንጹሕ ውሃና ጠጠር ፈልገው ዕንቁላል ይጥላሉ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በ1986 የሞተር ጀልባና ረጅም መረብ ጣና ገባ። ዓሣው ለጉዞ ሲሰበሰብ መረቡ ወንዙ አፍ ላይ ይጠብቀዋል። ሽቅብ ያመለጠውን ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ የሚጨምር አለ። በ1991-93 እና በ1999-2001 የተያዘው ሲነጻጸር ነጭ ዓሣ 75 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ቀረሶና አምባዛ ግን ሐይቁ ዳር ስለሚራቡ እንዲህ አልተጎዱም። ዝርያው አንድ ነው እንደተባለ ቢቀር ኖሮ ከ15ቱ የትኛው እየጠፋ እንደሆነ ማን ይጠይቅ ነበር?

ታዲያ ዳንግላን ምን አገባት? ኪልቲና ብራንቲ የሚወርዱት ወደ ግልገል አባይ፣ እሱም ወደ ጣና ነው። ከጣና ገባሮች ትልቁ እሱ ነው። ከእርሻችን የሚታጠበው አፈር ያንኑ ጠጠር ይሸፍናል። መራዊ ላይ ሌላው ገባር ቆጋ 7,000 ሄክታር ለማልማት ታቅዶ ተገድቧል። ለገበሬው እሰየው ነው፤ ዓሣው ግን ግድብ አይዘልም።