«ከታሰረ ማን ያርሳል?» ከሚዜ ቤት እስከ መሬት ደብተር

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ የታሪክ መምህር ነዎት። ባሏ የሚደበድባት የኮን ሴት ወዴት ነው የምትሄደው? ፖሊስ ጋ ሂጂ ስላት 'እሱ ከታሰረ ማን ያርሳል?' ትለኛለች» አለችኝ።

ሴትዮዋ ልክ ናት። ድብደባው ወንጀል ነው፤ ጎጆው፣ የገብስ ማሳው፣ በጎቹና ልጆቹ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ይሄኛው የፍትሐ ብሔር ነው። አገራችን ስለ ድብደባው ብዙ ስታወራ ስለ ማሳው ብዙም አታወራም። እኔ ደግሞ ታሪኩን ሳየው፣ ሴት ከሚደበድባት ባል መውጣት የቻለችው ሁልጊዜም የምትቆምበት መሬት ሲኖራት ነው።

ከድሮው ልጀምር። በዋድላም በላስታም በሰማንያ የተጋባች ሴት ባዶ እጇን አልነበረችም። ጋብቻው ውል ነው፤ ምስክርና ዋስ አለው። ሚዜዎች ነበሯት። አሁን ሚዜ ማለት ከመኪና ወርዶ ፎቶ የሚነሣ ጎረምሳ ሆኗል፤ ያኔ ግን ሚዜ ለሙሽራይቱ እንደ ወንድም ነበር፤ ባል ሲያስከፋት ሮጣ የምትገባው እሱ ጋ፣ ባልየውን የሚገሥጸውም እሱ። ከሁሉ በላይ ግን ርስት ነበራት። በአማራው የርስት ሥርዓት ሴት ልጅም ከአባቷም ከእናቷም ወገን ትወርሳለች። ቢመርራት ወደ አባቷ አገር ተመልሳ «ድርሻዬን» የምትልበት አፍ አላት። በሰማንያ ሲፋቱም ያፈሩትን ይካፈላሉ።

ያንን ዘመን ማስዋብ አልፈልግም። ርስቱን የሚያርሰው አብዛኛውን ጊዜ ወንድሟ ነው፤ ወንድም ደግሞ እህቱ ባሏ ቤት ብትቀር ይወድዳል። ሽማግሌውም «ባል አይደል፣ ቻይው» ብሎ መርቆ ይመልሳታል። በቁርባን ለተጋባችውማ መፋታቱ ራሱ ጭንቅ ነበር።

ከዚያ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መጣ። አርቃቂው ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ በውልና በንብረት በኩል ትልቅ ሥራ ነው። ወደ ጓዳ ሲገባ ግን ሌላ ነው፤ አንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዛል። የፍቺውን ክርክር የሚያዩት ፍርድ ቤቱ ሳይሆን የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ከተቻለም የጋብቻው ምስክሮች። ያ ለድሮው ሥርዓት የተደረገ አክብሮት ነው፤ ችግሩ ወዲህ ነው። ሕጉ ለፍቺ «ከባድ ምክንያት» ብሎ የዘረዘራቸው ነበሩ፤ ዝሙት፣ ትዳርን ጥሎ መጥፋት፣ የአእምሮ ሕመም የመሳሰሉት። ድብደባ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም! ያለ ከባድ ምክንያት ፍቺ የጠየቀ ሰው ደግሞ በንብረት ክፍፍሉ ሊቀጣ ይችል ነበር። እስቲ አስቡት፤ ዐይኗ አብጦ የመጣች ሴት ትዳር አፍራሽ ተብላ በጓን ልታጣ ነው።

በ1967 መሬት ለአራሹ ታወጀ። ርስት ቀረ፤ ባላባትም ቀረ፤ ለጭሰኛው ትልቅ ቀን ነው። ከሴቶች አንጻር ግን ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ያልገፉበት ጉዳይ አለ። መሬቱ በገበሬ ማኅበር በኩል ሲደለደል የተጻፈው በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነው፤ የቤተሰቡ ኃላፊ ማለት ደግሞ ባል። ያቺ «ወደ አባቴ ርስት» ትል የነበረች ሴት አሁን የት ትሂድ? ዕኩልነቷ ተሰበከላት፤ የሴቶች ማኅበርም ተቋቋመላት፤ መመለሻዋ ግን ጠፋ።

ወደ አዲስ አበባ እንሻገር። በ1987 ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 እና 35 በጋብቻ ውስጥ ዕኩልነትን ደነገገ። በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተመሠረተ፤ መሪዋ መዓዛ አሸናፊ ነበረች፣ ኋላ በ2011 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆነችው። ማኅበሩ ለተበደሉ ሴቶች በነጻ ምክር ይሰጥ፣ አቤቱታ ይጽፍ፣ ጠበቃ ያቆም ነበር። ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ ነበረው። የቤተሰብ ሕጉ እንዲለወጥ አጥብቀው ከገፉት አንዱ ይኸው ማኅበር ነው፤ ተሳካም። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213፣ ወጣ። ባል አለቃነቱን አጣ። ፍቺ የፍርድ ቤት ሥራ ሆነ፤ ለሽማግሌ ማስታረቁ ቀረለት። ምክንያት መቁጠርም ቀረ።

ማኅበሩ ግን ዋጋ ከፍሏል። በ1993 ማብቂያ ላይ፣ ከቀድሞ ባሏ ጥቃት መንግሥት አልጠበቃትም ስላላት ሴት በአደባባይ በመናገሩ ታገደ፤ የባንክ ሒሳቡም ተዘጋ። እገዳው ከሳምንታት በኋላ ተነሣ። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ 621 ደግሞ በመብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ አደረገ። ነጻ ጠበቃ በምን ብር ይቆማል? ሠራተኛ ተቀነሰ፣ ሥራው ተሽመደመደ። አዋጁ የተሻረው በ2011 ነው። ዐሥር ዓመት ማለት ነው፤ አንዲት ልጅ ተወልዳ አራተኛ ክፍል የምትደርስበት።

ወደ እኛው እንመለስ። የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 79፣ በ1995 አወጣ፤ በአብዛኛው የፌደራሉን ፈለግ ይከተላል። በዚያው ዓመት ገደማ የገጠር መሬት ምዝገባ ተጀመረ። በእኔ ሚዛን ለኮን ሴት ከሁሉም አዋጅ የበለጠው ይኸ ነው። የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም ተጻፈ፤ የሁለቱም ፎቶ ተለጠፈ። 1967 ላይ የጠፋው መመለሻ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በጉርድ ፎቶ መልክ መጣ ማለት ነው። «ማን ያርሳል?» ለሚለው የዛሬው መልስ ያው ደብተር ነው፤ ድርሻዋን ተካፍላ ራሷ ታሳርሳለች፣ ወይ ታከራያለች።

የወንጀል ሕጉም በ1997 በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት እንደማንኛውም ጥቃት እንደሚያስቀጣ ጻፈ። ጥሩ ነው። ሆኖም አስገድዶ መድፈርን ሲደነግግ «ከጋብቻ ውጪ» የሚል ቃል ትቷል። ደቡብ አፍሪካ በ1998፣ ኡጋንዳ በ2010፣ ኬንያ በ2015 (በፈረንጆቹ) ያወጡት ዓይነት ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ፣ «አትቅረባት» ብሎ ፍርድ ቤት ቶሎ የሚያዝዝበት፣ እኛ ጋ የለም። የፌደራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ዳኛው ስለ ልጆች፣ ስለ ቀለብና ስለ ንብረት ወዲያው እንዲያዝዝ፣ ካስፈለገም ከሁለቱ አንዱ ከቤት እንዲወጣ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። ግን ልብ በሉ፣ መጀመሪያ ፍቺ መጠየቅ አለባት። እስከ ሦስት ወር «አስቡበት» የሚባልበት ጊዜም አለ። ሦስት ወር ከደብዳቢ ጋር በአንድ ጣሪያ!

ማረፊያስ? በዳኝነት ያገለገለችው ማሪያ ሙኒር ያቋቋመችው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዲስ አበባ መጠለያ ከፍቶ ብዙ ሴቶችን ተቀብሏል። ለኮን ሴት ግን አዲስ አበባ ሌላ ዓለም ነው። በ2008 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች እርዳታ የፈለጉት 23 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ሁለት ሦስተኛው ለማንም አልተናገሩም። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ሰሜን ወሎ ሲገባ ቢሮው ተዘረፈ፤ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ያለው ግጭት መንገዱን ይዘጋል። ከኮን ወልድያ በዚያ በቻይና መንገድ መውረድ ራሱ ዕድል ሆኗል።

ለተማሪዬ የጻፍኩላትን እዚህም ላስቀምጠው፣ ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል። ደብተሩን ወይም ኮፒውን በማትጠረጥሩት ዘመድ ቤት አስቀምጡላት። ጤና ጣቢያ ትሂድና የሕክምና ማስረጃ ትያዝ፤ ቁስል ይድናል፣ ወረቀት ይቀራል። ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ትናገር። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጡ ቅርብ ያለውን ጠይቁላት። የዳኝነት መክፈያ የለኝም ብላ እንዳትቀር፤ ከ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ጀምሮ በደሃ ደንብ መክሰስ ይቻላል። ከቀበሌ «አቅም የላትም» የሚል ማስረጃ ታወጣና ለወረዳው ፍርድ ቤት ትጠይቃለች። ያንን ወረቀት ሲጠይቁ ሴትን ብቻዋን አትላኩ፤ የሚጽፈው ሰው ብዙ ጊዜ ባሏን ያውቀዋል።