«ይበቃኛል» እና «ይበቃሃል»፦ የሐረር አዋች በፍሮይድ ዐይን

ስለ ምናኔ ክርክር ሲነሳ በመካከላችን ሁለት መልስ ይሰማል። አንዱ «ቅድስና ነው» ብሎ ይዘጋዋል፤ ሌላው «ከኑሮ መሸሽ ነው» ብሎ ይገላገለዋል። የሁለተኛው ወገን ምስክር ብዙውን ጊዜ ፍሮይድ ነው። መቼም ምስክር ሳይመረመር አይፈረድምና፣ እስቲ እሱን ይዘን ጀጎል እንግባ።

ፍሮይድ በ1930 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ሥልጣኔና ቅሬታዎቹ» በተባለው መጽሐፉ ሰው ከሥቃይ የሚያመልጥባቸውን መንገዶች ይዘረዝራል፤ ስካር፣ ብሕትውና፣ ፍላጎትን ከሥሩ መግደል ይገኙባቸዋል። ፍላጎቱን የገደለ ሰው ሕይወቱን ሠውቶ የሚያተርፈው የጸጥታን ደስታ ብቻ ነው ይለናል። በዚህ መነጽር የፋርስ ቅኔ ሲነበብ ውጤቱ ይገመታል። ሳዕዲ በ1258 በጻፈው «ጉሊስታን» ለ«ቀናዓ»፣ ይኸውም ባለው ለመርካት፣ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቷል፤ ይኼ የተሸነፈ ምኞት መጽናኛ ይባላል። በ1273 ያረፈው ሩሚ ትልቁን ሥራውን የሚጀምረው ከበቀለችበት ተቆርጣ በምታለቅስ የሸንበቆ ዋሽንት ነው፤ ይኼ ደግሞ ከእናቱ የተለየ ሕፃን ናፍቆት ይባላል።

ታዲያ ይኼ ከሐረር ጋር ምን አገናኘው? በሐረር ሥር የሰደደው የቃዲሪያ መንገድ ስሙን ያገኘው በፋርስ ጊላን ተወልዶ በ1166 ባግዳድ ካረፈው ከአብዱልቃድር ነው። ሐረሪዎች ወልዮቻቸውን «አው» ይሏቸዋል፤ አባት ማለት ነው። አው አባድር በትውፊት የከተማይቱ ጠባቂ ናቸው። ሴቲቱ ወልይ ደግሞ አይ አቢዳ ናቸው፤ «አይ» እናት ነውና። ሃይማኖት የአባትን ከለላ መናፈቅ ነው ብሎ በ1927 የጻፈው ፍሮይድ ይኼን ቢሰማ «አላልኳችሁም?» ባለን ነበር። እዚህ ላይ እውነት አለው።

ነገር ግን የፍሮይድ መናኝ ብቻውን ነው። ሐረር የነጋዴ ከተማ ነበረች፤ ሲራራዋ ዘይላና በርበራ ይወርዳል፣ የራሷን ገንዘብ ታትም ነበር። ወልዮቿም በአብዛኛው ከሰው መንደር፣ ከገበያው አጠገብ ናቸው። በዚክሪ ሌሊት ከበሮው ይመታል፣ ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይቀርባል። ፍሮይድ ለየብቻ የዘረዘራቸው መንገዶች እዚህ ተቀላቅለዋል። ፍላጎት አልተገደለም፤ ሰዓት፣ ቦታና ባልንጀራ ተሰጠው እንጂ። ሱፊዎቹ «ነፍስ» የሚሉት እኛ በአማርኛ «ሥጋዊ ፈቃድ» የምንለውን ነው፤ ልጓም ይግባለት ይላሉ።

እንግዲህ ምናኔ ንጹሕ ነው ማለታችን ነውን? አይደለም። ከ1551 እስከ 1567 የገዙትና የጀጎልን ግንብ ያሠሩት ጦረኛው አሚር ኑር ራሳቸው መቃብራቸው ይዘየራል። ቅድስናና ሥልጣን አንድ ግንብ ውስጥ ኖረዋል። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ የሚጠይቀው ጥያቄ ከሳይኮአናሊሲስ ጥያቄ ይለያል። ያ «ይበቃኛል ከየትኛው ቁስል መጣ?» ይላል፤ እኛ «ማን ለማን አለው?» እንላለን። ባለጸጋ ሀብቱን እያካፈለ «ይበቃኛል» ሲል አንድ ነገር ነው፤ የራበው ሰው በሌላ አፍ «ይበቃሃል» ሲባል ሌላ ነው። የመጀመሪያው ምኞቱን ገዛ፤ ሁለተኛው ተገዛ።

ፍሮይድን ከጀጎል እንዲወጣ አንጠይቀውም፤ የጎደለውን ግማሽ ጥያቄ ግን እናስይዘዋለን። የሚቃወመን ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።