ስንቅ የሆነ ካርታ

በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተራሮች ጀርባ ላይ የተዘረጋ ስካይላይን ድራይቭ የሚሉት መንገድ አለ፤ ርዝመቱ 169 ኪሎ ሜትር ነው። ታላቅ ወንድሜን ልጠይቅ በሄድኩበት ጊዜ የእርሱን መኪና ይዤ በዚያ መንገድ ብቻዬን ስነዳ፣ ጉም ወረደ፤ የስልኬ ኔትወርክም ጠፋ። የምጠይቀው ሰው አልነበረም። በስልኬ ላይ የነበረችው ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ግን አልቆመችም፤ መኪናዬ በታጠፈ ቁጥር አብራ ትታጠፍ ነበር። ከመነሳቴ በፊት የአካባቢውን ካርታ በወንድሜ ቤት አውርጄ፣ እንደ ስንቅ ይዤው ወጥቼ ነበርና።

ያለ ኢንተርኔት ያለሁበትን ማን ነገራት? መልሱ ከሰማይ ነው። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰዓታቸውንና ያሉበትን ስፍራ ያለማቋረጥ ያውጃሉ። ስልካችን ያዳምጣል እንጂ አይመልስላቸውም። ቢያንስ ከአራቱ የሚመጣው ምልክት ለመድረስ የፈጀውን ጊዜ አስልቶ ቦታውን ይለያል። ካርታው አስቀድሞ ስልኩ ውስጥ ካለ ሌላ አያስፈልገውም።

ይህ የሰማይ አዋጅ ግን መጀመሪያ የተዘጋጀው ለአሜሪካ ጦር ነበር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1983 ከኒውዮርክ ተነስቶ በአንኮሬጅ በኩል ወደ ሴኡል ይበር የነበረ የደቡብ ኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን መስመሩን ስቶ ወደ ሶቪየት ኅብረት የአየር ክልል ገባ። በተዋጊ ጄት ተመትቶም በሳኻሊን ደሴት አጠገብ ባሕር ውስጥ ወደቀ። የተሳፈሩት 269 ሰዎች በሙሉ አለቁ። በዚያው ወር የፕሬዚዳንት ሬገን አስተዳደር፣ ጂፒኤስ ሲጠናቀቅ ለሲቪሎችም በነፃ እንደሚፈቀድ አስታወቀ። ሆኖም ለሕዝብ የሚደርሰው ምልክት ለዓመታት ሆን ተብሎ ይዛባ ነበር፤ አንድን ሰው ካለበት እስከ 100 ሜትር አርቆ ሊያሳየው ይችል ነበር። ማዛባቱ የቀረው እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ነው።

ካርታውም የራሱ ባለውለታዎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2004 ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ ኦፕንስትሪትማፕን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሰፈራቸውን መንገድ፣ ድልድይና መታጠፊያ ያለ ክፍያ መዝግበዋል፤ ያለ ኢንተርኔት ከሚሠሩት የስልክ ካርታዎች ብዙዎቹ የቆሙት በእነርሱ ድካም ላይ ነው። ጉግል ማፕስም እ.ኤ.አ. በ2015 ያለ ኢንተርኔት መንገድ መምራት ጀመረ።

አንባቢ ሆይ፣ ስንቅ የቋጠረልንን ሰው እጅ በመንገድ ላይ እምብዛም አናስታውስም። እኔም ይህን ሁሉ ያነበብኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው። ያን ዕለት ማታ ወንድሜ «በዚያ ጉም ብቻህን አልፈራህም?» ሲለኝ፣ ካርታውን አሳይቼው ዝም አልኩ። ዛሬ ቢጠይቀኝ ግን መስመራቸውን ስተው ስለቀሩት 269 ሰዎችና ስማቸውን ስለማላውቃቸው መንገድ መዝጋቢዎች እነግረው ነበር። ብቻዬን አልነበርኩም።